የቀይ አፈር ሙግት

የእግር ኳስ ክርክር ከአሶሳ ዲኤስቲቪ ቤቶች ይውጣ ብሎ የሚነሣ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል፤ እኔም ያን ያህል አልደፈርኩም። የምለው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ቁጣው ግን ላያንስ ይችላል። በየዓመቱ ግንቦት ሲያልቅና ሰኔ ሲገባ ፓሪስ ውስጥ በቀይ አፈር ሜዳ የሚካሄደው የሮላን ጋሮስ ውድድር፣ በተለይም የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ጨዋታዎች፣ አሶሳ ላይ ተቀምጦ ለሚከራከር ሰው ከማንኛውም የእግር ኳስ ፍጻሜ የተሻሉ የሙግት ቀለብ ናቸው። ቴኒስ ሲባል ጠረጴዛው ትዝ ለሚለው፣ የማወራው ስለ ሜዳ ቴኒሱ ነው። አሶሳ በቴኒስ ወዳጆች ተጥለቅልቃለች ማለቴም አይደለም። ያሉት ጥቂት ናቸው፤ ሪሞት ሲጠይቁ እንኳ ድምፃቸው እንደ ተበዳሪ ዝቅ ይላል። ነገር ግን የተከራካሪ ማነስ የክርክርን ጥራት ቀንሶ አያውቅም፤ እንዲያውም አንድን ክርክር ሁለት ሰው ሲይዘው የሚደማመጡበት ዕድል አለ፤ ሃምሳ ሰው ሲይዘው ግን የሚሰማው ባለ ትልቅ ጉሮሮው ብቻ ነው።

ማስረጃ ከተፈለገ 2017 ዓ.ም. ራሱ ቀርቦ ይመስክር። ግንቦት 23 ቅዳሜ ማታ ሙኒክ ላይ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ተካሄደ። ዓመቱን ሙሉ ሲጠበቅ የኖረ ጨዋታ ነው። ፓሪ ሴንት ዠርሜን ኢንተር ሚላንን 5 ለ 0 ቀጣ፤ በውድድሩ የፍጻሜ ታሪክ በዚያን ያህል ልዩነት ያሸነፈ የለም። እንግዲህ በዚህ ላይ ምን ተብሎ ይከራከራል? ዳኛው በድሏል እንዳይባል በደሉ አምስት ጎል አይሞላም። አሰላለፉ ነው እንዳይባል፣ ማንም ተሰልፎ አልነበረም የሚል መልስ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ውጤት ለአሸናፊው ደጋፊ እንኳ ደስታው አጭር ነው፤ የሚያበሽቀው ሰው አያገኝማ፤ የተሸነፈው ቲፎዞ ለእረፍት ሲወጣ ሻይም ሳይጠጣ ቤቱ ገብቷል። ከስምንት ቀን በኋላ፣ እሑድ ሰኔ 1 ቀን፣ ያችው ፓሪስ ሌላ ፍጻሜ አዘጋጀች፤ ስፔናዊው ካርሎስ አልካራዝ ከጣሊያናዊው ያኒክ ሲነር። ይህኛው ለመከራከሪያ የሚሆነውን ሁሉ ትቶ ነው የሄደው።

የቀን አቆጣጠሩም አሶሳን አስቦ የወጣ ይመስል ነበር። የወንዶቹ ግማሽ ፍጻሜ የተካሄደው ዓርብ ግንቦት 29 ነው፤ ዕለቱ አረፋ። የሴቶቹ ፍጻሜ ቅዳሜ። የወንዶቹ ፍጻሜ የዋለው ጰራቅሊጦስ ዕለት ነው፤ በማግስቱ የሰኔ ጾም ይገባል። አንዱ ጎረቤት የአረፋውን ሥጋ ሳይጨርስ ሌላው የመጨረሻዋን የፍስክ ምሳ በልቶ በሚቀመጥበት፣ ዝናቡም ደጅ በማያስቀምጥበት ሰሞን፣ የእግር ኳሱ ሊግ ደግሞ ተዘግቶ ወንበሩ ሁሉ ባዶ በሆነበት ጊዜ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የተጀመረ ጨዋታ አምስት ሰዓት ከ29 ደቂቃ ፈጀ። በሮላን ጋሮስ ታሪክ እንዲህ የረዘመ ፍጻሜ የለም። መግሪብ ሰግዶ የተመለሰ ሰው ጨዋታውን እዚያው ያገኘዋል፤ ለኢሻ ወጥቶ ቢመለስም አላለቀም። አጠገቡ ያለው ክርስቲያን ወዳጁ እስከዚያው ያየውን ሊነግረው ሲሞክር፣ ነገሩ አልካራዝ ሞተ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ሞተ፣ ደግሞ ተነሣ ከማለት አያልፍም። ስለ ቴኒስ ምንም የማያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ስለ ሁለት ሰው የሚያወሩ አይመስለውም።

ጨዋታው የሚቆጠረው ልክ እንደ መረብ ኳስ በሴት ነው፤ ወንዶቹ ከአምስቱ ሦስቱን መውሰድ አለባቸው። ሲነር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወሰደ። እስከዚያ ቀን ድረስ በውድድሩ አንድም ሴት ሳይሸነፍ የመጣ ሰው ነው። አልካራዝ ደግሞ ሁለት ሴት ተመርቶ አሸንፎ አያውቅም ነበር። ሦስተኛውን አልካራዝ መለሰ። በአራተኛው ሲነር 5 ለ 3 ሲመራ፣ ሰርቩ የአልካራዝ ሆኖ ሳለ፣ ቁጥሩ ዜሮ ለአርባ ሆነ። ይህ ማለት ሲነር ከሦስት ተከታታይ ነጥብ አንዷን ብቻ ቢያገኝ ዋንጫው የእሱ ነው ማለት ነው። አላገኘም። ሦስቱንም አጣ፤ ሴቱን አጣ፤ በአምስተኛው እንደገና ተነሥቶ ለዋንጫ ሰርቭ ከሚያደርገው አልካራዝ ጌሙን ነጠቀው፤ በመጨረሻ ግን አሥር ነጥብ በሚደርሰው ታይብሬክ 10 ለ 2 ተሸነፈ። የሙግቱ ሥር ያለው ታዲያ እዚህ አይደለም። ከጨዋታው በኋላ ነጥቡ ሁሉ ሲደመር 385 ነበር፤ ከዚያ ውስጥ አልካራዝ ያገኘው 192፣ ሲነር ያገኘው 193። ብዙ ነጥብ ያገኘው ተሸነፈ።

ይህች አንድ ነጥብ አንድ ክረምት ታሳልፋለች። የሲነር ወገን «በቁጥር እኛ ነን» ይላል፤ የአልካራዝ ወገን «ቁጥር ለሒሳብ ሹም ነው፤ ዋንጫው የት አለ?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ጥሩ ክርክር ማለት ደግሞ ሁለቱም እውነት ያላቸው ማለት ነው። በእግር ኳስም እኮ ብዙ ኳስ የያዘ ይሸነፋል የሚል ይኖራል። ይሸነፋል፤ ነገር ግን ኳስ መያዝ ጎል አይደለም። ቴኒስ ላይ ነጥብ ነጥብ ነው፤ ማሸነፊያውም እሱ ብቻ ነው፤ ጥያቄው መቼ አገኘኸው ነው። የምርጫ ውጤት ተከታትሎ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሲነር ነጥቦቹን ያገኘው በማያስፈልጉት ጊዜ ነው የሚለውን ወገን አንድ ሰው ያዘ እንበል፤ ወዲያው «ታዲያ 5 ለ 3 ያደረሰው በማያስፈልጉት ነጥቦች ነው?» የሚል ይመጣበታል። በዚህ መሃል ማንም ማንንም አልተሳደበም፤ የማንም እናት አልተነሣችም። ይህ ብቻውን ለአንድ ዲኤስቲቪ ቤት ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ አፈሩ። ሮላን ጋሮስን ከሌሎቹ ታላላቅ ውድድሮች የሚለየው ሜዳው ነው። ቀዩ አፈር ኳሷን ያዘገያታል፣ ከፍ አድርጎ ያነጥራታል፤ በሌላ ሜዳ ያለቀለት ምት እዚህ አያልቅም፤ ተጫዋቹ በጭቃ እንደሚሄድ ሰው ተንሸራቶ ይደርስበታል። ከሁሉ በላይ ግን ኳሷ ያረፈችበት ቦታ ላይ ምልክት ይቀራል። ኳስ ውጪ ናት፣ የለም መስመር ነክታለች የሚል ጠብ ሲነሣ፣ ዳኛው ከዚያ ከፍ ካለው ወንበሩ ይወርዳል፣ ሮጥ ብሎ ይሄዳል፣ ጎንበስ ይላል፣ በጣቱ ይጠቁማል። አውስትራሊያና አሜሪካ ይህን ሥራ ለማሽን ሰጥተውታል፤ ዊምብልደንም በዚያው በ2017 ዓ.ም. የመስመር ዳኞቹን አሰናብቶ ለማሽን ሰጠ። ፓሪስ ግን ገና አፈሩን ታምናለች። እንግዲህ ይህን ምልክት ከአሶሳ ሰው የተሻለ ማን ሊያነበው ይችላል? በሰኔ ጫማውን በደጃፍ ድንጋይ ላይ ፍቆ፣ በጫማው ዙሪያ የቀረችውን ቀይ መስመር በእንጨት ጭሮ የሚገባ ሰው፣ ያ ተጫዋች ከሰርቭ በፊት በራኬቱ የጫማውን ሶል እየመታ አፈር ሲያራግፍ ቢያይ ማብራሪያ አይፈልግም። ነጭ ካልሲው ከቁርጭምጭሚቱ በታች ቀይ ሆኖ ሲያየውም ማን ያጥብለት ይሆን ብሎ ነው የሚያዝነው።

እዚህ ላይ አንድ የተማረ ሰው እጁን እንደሚያወጣ አውቃለሁ። የፓሪሱ አፈር አፈር አይደለም፤ የተፈጨ ሸክላ ጡብ ነው፤ እሱም ቢሆን ከላይ የተነሰነሰ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ አለ። ልክ ነው። ግን ጡብ ምንድን ነው? በእሳት ያለፈ አፈር ነው። ቀለሙን የሰጠው በውስጡ ያለው ብረት ነው፤ የአሶሳንም አፈር ያቀላው ያው ብረት ነው። ስለዚህ ዘመድነቱ አይካድም፤ ልዩነቱ አንደኛው ምድጃ መግባቱና አውሮፓ መኖሩ ነው። በዚህ ምክንያት ዘመድ አይደለም ከተባለ ስንቱ ዲያስፖራ ነው ከዘር ሐረግ የሚወጣው።

ከዚህ የበረታው ተቃውሞ ሌላ ነው። ማስረጃ ካለማ ክርክሩ ሞተ የሚል። ኳሷ የት እንዳረፈች መሬት ላይ ተጽፎ ሳለ ምን ይቀራል? ይህን የሚል ሰው ምስክር ሲቀርብ ሙግት የሚያልቅ የሚመስለው ነው፤ ችሎት ቀርቦ አያውቅም ማለት ነው። በድሮው የበላ ልበልሃ ችሎት ምስክሩ ቀርቦ ከተናገረ በኋላ ነበር ዋናው ነገር የሚጀምረው፤ ምስክሩ የማን ነው፣ የትኛውን ቀን ነው ያየው፣ ያየውስ የእኔን ነው የእሱን። የአፈሩም ምልክት እንዲሁ ነው። ተጫዋቹ «ያ ምልክት የዚህች ኳስ አይደለም፤ ቀደም ብሎ የነበረ ነው» ይላል። ዳኛው ሌላውን ያሳያል። ተጫዋቹ አይ ይላል። በሚያዝያ 2017 በተደረጉ አንዳንድ ሌሎች የአፈር ሜዳ ውድድሮች ማሽን ገብቶ ነበርና ጉዳዩ ይበልጥ ጣፈጠ፤ ማሽኑ ኳሷ ገብታለች ይላል፣ አፈሩ ወጥታለች ይላል። ጀርመናዊው አሌክሳንደር ዝቬሬቭ ማድሪድ ላይ ስልኩን ከቦርሳው አውጥቶ ምልክቱን ፎቶ አነሣ፤ ከእሱ ቀድማ አሪና ሳባሌንካም ሽቱትጋርት ላይ ይህንኑ አድርጋ ነበር፤ ሁለቱም ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ማስረጃ በመያዝ መቀጣት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ተመልካች ከዚያ ወዲያ ገለልተኛ ሊሆን አይችልም። ደግሞም ሴት ባለቀ ቁጥር ሠራተኞች ሰፊ መረብ እየጎተቱ ሜዳውን ያለሰልሱታል፤ ምልክቱ ሁሉ ይጠፋል። ይግባኝ ባይ ካለ ፋይሉ የለም። በሜዳው ላይ እንዳይጠፋ የተደረገ አንድ ምልክት ብቻ ነው፤ እዚያ 14 ጊዜ ዋንጫ ያነሣው ራፋኤል ናዳል፣ ግንቦት 17 ቀን በክብር ሲሸኝ፣ የእግሩ ዱካ ያለበት ሰሌዳ በዋናው ሜዳ ላይ ተቀምጦለታል። እሱም 112 አሸንፎ 4 ብቻ ስለተሸነፈ ነው፤ በዚህ መዝገብ የሚከራከር የለም።

የተጫዋች ጠባይም ለሙግት ይመቻል። በዚያው ውድድር፣ ግንቦት 24 ቀን፣ አልካራዝ ከአሜሪካዊው ቤን ሼልተን ጋር ሲጫወት ሩቅ ኳስ ተወርውሮ መለሰና ነጥቧ ተቆጠረችለት። ራኬቱ ግን ኳሷን ሲነካ ከእጁ ለቅቆ ነበር፤ ይህ አይፈቀድም። ዳኛው አላየም። አልካራዝ ራሱ ሄዶ ነግሮ ነጥቧን ለሼልተን አሰጣት። በእግር ኳስ ቤት ያደገ ተመልካች ይህን ሲያይ የመጀመሪያ ጥርጣሬው ሰውየው ታሟል የሚል ነው። ሁለተኛው ጥርጣሬ የተሻለ ነው፤ ሕዝብ ፊት የተናዘዘ ሰው በሚቀጥለው አጠራጣሪ ኳስ ማን ይጠረጥረዋል? ነጥቧን ሰጥቶ እምነት ገዛ። ይህ ደግነት ነው ወይስ ብልጠት? አንድ ማታ ሙሉ የሚያስኬድ ጥያቄ ነው፤ መልሱንም አፈሩ አያውቀውም።

ስለ ቅዳሜው የሴቶች ፍጻሜ ብዙ አልልም፤ ሙግቱ በራሷ በተጫዋቿ አፍ ስለተጀመረ። ሳባሌንካ በነፋሱ መሃል ማንም ሳያስገድዳት 70 ጊዜ ተሳስታ በኮኮ ጋውፍ ተሸነፈች፤ ጋውፍም እ.ኤ.አ. በ2015 ሴሬና ዊሊያምስ ካነሣችው ወዲህ ዋንጫውን የወሰደች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሆነች። ሳባሌንካ ወጥታ፣ ጋውፍ ያሸነፈችው ስለ በረታች ሳይሆን እኔ ስለ ተበላሸሁ ነው የሚል መንፈስ ያለው ነገር ተናገረች፤ ኋላ ጸጸታት። «አሸነፍከኝ ሳይሆን ተሸነፍኩልህ» የሚለውን ፈሊጥ የሚያውቅ ሕዝብ ዘንድ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የእኔ ፍርድ ግን ከጋውፍ ጋር ነው፤ ነፋሱ ለሁለቱም ነፍሷል።

«የእኛ ሰው የለበትም» የሚለው ተቃውሞ ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ የሚያቀርበውም ብዙውን ጊዜ የአርሰናል ማሊያ የለበሰ ሰው ነው። አርሰናል ውስጥ የእኛ ሰው ማን ነበር? ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን የተወለደው ገዲዮን ዘላለም፣ እሱም ጥቂት ጨዋታ ብቻ። ቲፎዞው የተነሣው ግን በእሱ አይደለም፣ እሱ ሲሄድም አልሄደም። ቴኒስ ላይ ደግሞ ይህንኑ ሚዛን ብንጠቀም የተሻለ ይዘናል። ኤልያስና ሚካኤል ይመር፣ ስዊድን ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለዱ ወንድማማቾች፣ ሁለቱም ሮላን ጋሮስ ላይ ተጫውተዋል። ሚካኤል በ2013 ዓ.ም. እዚያው ፓሪስ ላይ፣ በፈረንሳዮች ፊት፣ የፈረንሳዩን ጋኤል ሞንፊስን አሰናብቶ ሦስተኛ ዙር ገባ። በሦስተኛው ዙር ያስወጣው ማን ነው? ያኔ 19 ዓመቱ የነበረው ያኒክ ሲነር። እንግዲህ የዋንጫ ነጥቦቹ ሲያመልጡት አንድ ሰው አሶሳ ላይ ከወንበሩ ቢነሣ ያለ ምክንያት ነው አይባልም፤ ቂም አለው፤ አራት ዓመት የቆየ ቂም።

አቆጣጠሩ ግራ ያጋባል ለሚለው፣ አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ አርባ ምን ዓይነት ቁጥር ነው ለሚለው፣ ዓመቱን በአሥራ ሦስት ወር የሚቆጥርና ጧት ፀሐይ ወጥታ 12 ሰዓት ነው የሚል አገር ስለ ቁጥር ለፈረንጅ አቤቱታ ማቅረብ አያምርበትም። ዝምታው ይከብዳል ለሚለውም መልስ አለ። ፓሪስ ላይ ኳሷ ስትመታ ተመልካቹ ጸጥ ይላል፤ ዳኛው «እባካችሁ» ይላል። የዳኛው ድምፅ አሶሳ ድረስ የሚመጣው በቴሌቪዥን ነውና ትእዛዙ አይጸናም። ቢጸናም ችግር የለውም። የበርታ ሕዝብ የትንፋሽ መሣሪያ የሆነው ዋዛ ሲነፋ እያንዳንዱ ነፊ ያለችው አንዲት ድምፅ ናት፤ ያችን ይዞ ተራውን ይጠብቃል፣ ተራው ሲደርስ ይነፋታል፣ ደግሞ ዝም ይላል፤ ዜማው የሚሠራው በዚህ ነው። ይህን እየሰማ ያደገ ሰው ነጥብ እስኪያልቅ ጠብቆ ከዚያ «ወላሂ ውጪ ናት!» ለማለት ሥልጠና አያስፈልገውም። የመብራቱ ነገር ግን ለብቻው ይቆይ፤ ጉባ ላይ ግድቡ የተመረቀው ከዚያ ፍጻሜ ሦስት ወር ቆይቶ ጳጉሜ 4 ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ በዋንጫ ነጥብ ላይ ለሚጠፋ መብራት ሰበብ ነበረው፤ ከእንግዲህ ጠብቆ ማየት ነው።

ክርክሩ ቶሎ ይሻግታል እንዳይባልም፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ ሐምሌ 6 ቀን ሁለቱ ሰዎች ዊምብልደን ላይ ተገናኙና ሲነር በአራት ሴት አሸነፈ። ሲነር ከዚያ ስብራት አይነሣም ብሎ ሲምል የነበረው ወገን አልደነገጠም፤ ያ ሣር ነው፣ ይህ አፈር ነው አለ። ፓሪ ሴንት ዠርሜን በሚቀጥለው ወር በኢንተር ቢሸነፍ 5 ለ 0ውን ማን ያነሣው ነበር?

አንድ ተቃውሞ ብቻ እውነት አለው፤ እሱም የቤቱ ባለቤት የሚያነሣው ነው። ዲኤስቲቪ ቤት የሚያስከፍለው በጨዋታ ነው። አምስት ሰዓት ከ29 ደቂቃ ማለት ሦስት የእግር ኳስ ጨዋታ ከነእረፍታቸው ማለት ነው፤ በሦስት ክፍያ ፋንታ አንድ ክፍያ። ሻይና ለውዝ ይሸጥበታል ቢባል፣ የቴኒስ ሰው አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዞ ሁለት ሴት እንደሚያይ ባለቤቱ ያውቃል። ያን ዕለት ደግሞ ማታ 4 ሰዓት ላይ ፖርቱጋልና ስፔን ለኔሽንስ ሊግ ዋንጫ ይጫወቱ ነበር፤ ቴኒሱ ያለቀው ያ ጨዋታ ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው ነው፤ አንድ ሴት ቢጨመር ኖሮ የሮናልዶ ደጋፊ በሩን ይሰብረው ነበር። ስለዚህ ባለቤቱ ከተጎዳ መካስ አለበት። ክፍያው በጨዋታ መሆኑ ቀርቶ በሴት ይሁን፤ ሁለት ሴት አይቶ «ሲነር በልቷል» ብሎ የሚወጣው የሁለቱን ይክፈል፣ እስከ አምስተኛው የቆየው የአምስቱን። ታይብሬኩ በአምስተኛው ሒሳብ ውስጥ ይግባ ወይስ ለብቻው ይቆጠር የሚለውን ግን ቲኬት ሳይቆረጥ ቢስማሙበት ይሻላል።